«አንዱ ሳርኮማ አለ፣ ሌላው አይደለም አለ»፦ ማይክሮስኮፑ ላይ ምን አይተን ነው የምንለያየው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ግራ ክንዱ ላይ ከቆዳው ሥር እባጭ ወጣበትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሎሚ አከለ። ተቆርጦ ወጣና ለምርመራ ተላከ። የመጀመሪያው ውጤት ‹ስፒንድል ሴል ሳርኮማ ይመስላል› ይላል። ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ። ሌላ ቦታ ሲታይ ደግሞ ‹ኖዱላር ፋሲያይተስ ነው፣ ካንሰር አይደለም› ተባልን። አንድ ሥጋ፣ ሁለት መልስ። በማይክሮስኮፕ እያያችሁ እንዴት አትለዩትም? የትኛውን እንመን?»

እህቴ፣ ድንጋጤያችሁ ይገባኛል። «ሳርኮማ»፣ ማለትም የለስላሳ ሥጋ ካንሰር፣ የሚል ወረቀት ይዞ ቤት መግባት ቀላል አይደለም። የወንድምሽን ስላይድ (ሥጋው የተዘረጋበትን መስታወት) ስላላየሁ «ይሄኛውን እመኑ» ብዬ አልፈርድም። ግን የጻፍሽውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ወጣት፣ ክንድ፣ ከቆዳ ሥር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሎሚ የሚያክል። ይሄ ታሪክ ለእኛ ለፓቶሎጂስቶች፣ ሥጋን በማይክሮስኮፕ ለምንመረምር ሐኪሞች፣ በጣም የታወቀ ነው። ኖዱላር ፋሲያይተስ ሳርኮማ መስሎ በመምጣት ስሙ የወጣ እባጭ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና መጽሔት ላይ ሲጻፍ የተሰጠው ስም ውስጥ ራሱ «ሳርኮማ መሳይ» የሚል ነበረበት። እኔንም አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ሰው «ማይክሮስኮፕ» ሲባል መልሱ እዚያ ውስጥ ተጽፎ የሚነበብ ይመስለዋል። እዚያ ያለው ቅርጽና ቀለም ብቻ ነው። ስሙን የምናወጣለት እኛ ነን። ያውም ቅርጹን ከታማሚው ታሪክ ጋር አጋጥመን።

ሥጋው እንዴት እንደሚመጣልን ላሳይሽ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል በፎርማሊን ተነክሮ ይመጣል። እኛ ቆራርጠን እንመርጣለን። ከዚያ ውሃው በአልኮል ይወጣና በምትኩ ሰም ይገባበታል። «ብሎክ» የምንለው ይሄ ነው፤ ሰም ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ቁራጭ ሥጋ። ብሎኩ በማሽን ይላጣል። የምትላጠው ልጣጭ ውፍረት 4 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ያንሳል። መስታወት ላይ ትዘረጋና ሁለት ቀለም ትነከራለች። ሄማቶክሲሊን ኒውክለሱን፣ የሕዋሱን አስኳል፣ ወደ ሰማያዊ ሐምራዊ ይቀይረዋል፣ ኢዮሲን ደግሞ የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ሄማቶክሲሊን የሚወጣው ከዛፍ እንጨት ነው። አስቢው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለም የካንሰርን ውጤት የሚጽፈው በአብዛኛው በዚህ የእንጨት ቀለም ላይ ተመሥርቶ ነው።

ለስላሳ ኅብረ ሕዋስ የሚባሉት ስብ፣ ጡንቻ፣ ጅማት፣ የደም ሥር፣ ነርቭና እነሱን የሚያያይዘው ሥጋ ናቸው። ከነዚህ የሚነሱ እባጮች ከ100 ዓይነት በላይ ናቸው። አብዛኞቹ አይጎዱም። ካንሰር የሆኑትን ሳርኮማ እንላቸዋለን፤ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች 1 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ችግሩ ታየሽ? ዓይነቱ ብዙ፣ ታማሚው ጥቂት። የጡት ካንሰር በየሳምንቱ የሚያይ ፓቶሎጂስት አንዳንዱን የሳርኮማ ዓይነት በሥራ ዘመኑ ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ሊያየው ይችላል።

ደግሞ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሁሌ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ መሃል ላይ ያሉትንም ለብቻ ይመድባል። ለምሳሌ ዴስሞይድ የሚባለው እባጭ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ያለበት ቦታ ላይ ግን ጡንቻውን እየበላ ይሄዳል፣ ተቆርጦም ተመልሶ ይመጣል። ይሄን ምን ትይዋለሽ? ካንሰር ነው ብትይ ሰውየውን ታስደነግጪዋለሽ፣ አይደለም ብትይ ክትትሉን ይተዋል።

አሁን ወንበሩ ላይ ቁጭ እንበል። ጀማሪ ስላይዱን እንዳስቀመጠ ወደ ትልቁ ሌንስ ይሮጣል፣ ሕዋሱን በቅርብ ለማየት ይጓጓል። ልምድ ያለው ሰው በትንሹ ሌንስ፣ በ4 እጥፉ፣ ይቆያል። አዲስ አበባን ከእንጦጦ ላይ ሆኖ እንደማየት ነው። ቤቱን አታይም፣ ግን ሰፈሩ እንዴት እንደተሠራ ይገባሻል። የእባጩ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው ወይስ ወደ ጎረቤቱ ይገባል? ሕዋሶቹ ተጨናንቀዋል ወይስ ተራርቀዋል? በመሃላቸው ያለው ምንድን ነው?

«ስፒንድል» ማለት እንዝርት ነው። ፈትል የተጠቀለለበት እንዝርት አስቢ፦ መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ። ስፒንድል ሴል ማለት እንዲህ ያለ ቅርጽ ያለው ሕዋስ ነው፣ አለቀ። ቃሉ የቅርጽ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ተራ ጠባሳ ውስጥ ያለውም ሕዋስ እንዝርት ነው። የነርቭ ሽፋንም፣ የማሕፀን ጡንቻም እንደዚያው። ስለዚህ ወረቀት ላይ «ስፒንድል ሴል» የሚል ስታዪ ገና አትደንግጪ።

የሚለየን እንዝርቶቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ላይ ሕዋሶቹ እንደ ሰሌን ሽመና ከመሃል እየተነሱ ይጠላለፋሉ። ቆዳ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዲኤፍኤስፒ የሚባለው ዕጢ እንዲህ ነው። ፋይብሮሳርኮማ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ ይሰደራሉ። ከለስላሳ ጡንቻ የመጣ ከሆነ ጥቅል ጥቅል ሆነው በመስቀል መልክ ይተላለፋሉ፣ ኒውክለሳቸውም ጫፉ ደንበል ያለ ሲጋራ ይመስላል። እኔ ግን የምወደው ሽዋኖማን ነው፤ ከነርቭ ሽፋን የሚመጣ፣ የማይጎዳ እባጭ። ኒውክለሶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፣ በመሃላቸው ባዶ ሮዝ ሜዳ ይቀራል። ሠርግ ላይ ሴቶችና ወንዶች በረድፍ ቆመው እስክስታ ሊወርዱ ሲሉ እንደሚመስለው ነው። ይሄን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ቬሮካይ ቦዲ ይባላል፣ መጀመሪያ በጻፈው ሐኪም ስም።

ከእንዝርቱ ሌላ ክብ ሕዋስ አለ። ትንሽ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ እንደ ጎመን ዘር የተበተነ። ይሄን በልጅ ወይም በወጣት ናሙና ላይ ሳይ ወገቤን ቀና አድርጌ እቀመጣለሁ። ኢዊንግ ሳርኮማ፣ ራብዶማዮሳርኮማ፣ ሊምፎማ፣ ሁሉም በዚህ መልክ ይመጣሉ፤ ሕክምናቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። እዚህ ላይ በሁለቱ ቀለም ብቻ «እርግጠኛ ነኝ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ደግሞ የተልባ ውሃ የመሰለው አለ። ተልባ ነክረሽ ስታሳድሪው የሚወጣው ልጋግ ነገር አለ አይደል? አንዳንዱ እባጭ ሲቆረጥ ልክ እንደዚያ ነው፣ ከቢላው ጋር ይሳባል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሜዳ ውስጥ ጥቂት ሕዋሶች ተበትነው ይታያሉ። ያለ ጉዳት የሚቀመጠው ማይክሶማ እንዲህ ነው። የስብ ካንሰር የሆነው ማይክሶይድ ሊፖሳርኮማም እንዲህ ነው! የሚለያቸው አንዱ ነገር የደም ሥሩ ነው። በሊፖሳርኮማው ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ዶሮ ቤት ሽቦ እየተገናኙ መረብ ይሠራሉ። ያን ሽቦ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው።

ስብ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ተራው የስብ እባጭ፣ ሊፖማ፣ ሲታይ እንጀራ ነው የሚመስለው። ስቡ በአልኮልና ዛይሊን በሚባል ኬሚካል ታጥቦ ስለሚወጣ ባዶ ዓይኖቹ ብቻ ይቀራሉ። ዓይኖቹ እኩል ከሆኑ፣ በመሃል ያለው ክር ቀጭን ከሆነ፣ ጥሩ ነው። እባጩ ግን ጭን ውስጥ ወይም ሆድ ውስጥ ጀርባውን ተደግፎ ከተገኘ፣ ትልቅ ከሆነም፣ ክሩን አጥብቄ ነው የማየው። እዚያ ወፈር ባለው ክር ውስጥ ጠቁሮ የተወላገደ ኒውክለስ ከተደበቀ ነገሩ ሌላ ነው። ይሄኛው ከ20 ሜዳ (ሜዳ የምንለው በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ቦታ ነው) አንዱ ላይ ብቻ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው ከትልቅ እባጭ አንዲት ቁራጭ ብቻ ወስዶ «ስብ ነው» ማለት የማያስተማምነው። ኤምዲኤም2 የሚባለው ጂን ተባዝቶ ከተገኘ ተራ ሊፖማ አለመሆኑ ይታወቃል።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። የራሴን ጉድ ልንገርሽ ብዬም ነበር።

ሬዚደንት፣ ገና የስፔሻሊስት ሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም፣ ሳለሁ አንድ የክንድ እባጭ መጣልኝ። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «እባጭ፣ ክንድ» ብቻ ተጽፏል። ዕድሜ የለም፣ መቼ እንደጀመረ የለም። ስላይዱን አስቀመጥኩ። እንዝርት ሕዋስ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ትልቁን ሌንስ ሳወርድ ሕዋሱ በየቦታው እየተከፈለ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ፣ ብዙ ሆነብኝ። በኩራት «ሳርኮማ» ብዬ ጻፍኩና አስተማሪዬ ጋ ይዤ ሄድኩ። እሳቸው በትንሹ ሌንስ ግማሽ ደቂቃ ያህል አዩት።

«ስንት ጊዜ ሆኖታል?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ስልክ የለህም?»

ደወልኩ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። እባጩ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ስፋቱ ሁለት ሳንቲሜትር። ተመልሼ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ወንበሩን ለቀቁልኝና «አሁን እንደገና እይ» አሉኝ።

እንደገና አየሁ። ያው ስላይድ ነው፣ የተለየ ነገር ግን አየሁ። ሕዋሶቹ ጥቅጥቅ ያሉበት ቦታ ነበር፤ አጠገቡ ግን ላላ ብሎ የተቀዳደደ የሚመስል ሜዳ አለ። የተባዘተ ጥጥ። ሕዋሶቹ በዚያ ጥጥ ውስጥ ክንዳቸውን ዘርግተው ተንሳፍፈዋል። ከደም ሥር ውጪ የፈሰሱ ቀይ የደም ሕዋሶች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኒውክለሶቹ ወንድማማች ይመስላሉ። ሞላ ሞላ ያሉ ናቸው፣ ግን አንዱ ከሌላው በመጠንም በጥቁረትም አይራራቅም። የሚከፈሉትም በሥርዓት ለሁለት ነው የሚከፈሉት። ሦስት አቅጣጫ የሚጎተት፣ የተዘበራረቀ አከፋፈል አንድም የለም። ሳርኮማ ቢሆን ኖሮ አንዱ ኒውክለስ ግዙፍ፣ አንዱ ጭራቅ፣ አንዱ እንደ ቀለም ጠብታ የጠቆረ ሆኖ አገኝ ነበር።

የመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን ነበር ያየሁት። ሕዋስ በፍጥነት መከፈሉን ከክፋት ጋር አንድ አድርጌ ቆጠርኩት። ቁስል ሲድንም ሕዋስ በፍጥነት ይከፈላል። በእርግጥ እኛም እንቆጥራለን። ፈረንሳዮች ባወጡት የደረጃ አሰጣጥ የሳርኮማን ክፋት የምንለካው በሦስት ነገር ነው፦ የሞተው ሥጋ ብዛት፣ ሕዋሱ ከእናት ኅብረ ሕዋሱ የራቀበት ርቀት፣ እና በ10 ሜዳ ውስጥ ስንት ሕዋስ ሲከፈል እንደታየ። ከ9 ያልበለጠ አንድ ነጥብ፣ ከ10 እስከ 19 ሁለት፣ 20ና ከዚያ በላይ ሦስት። ግን ይሄ መለኪያ የሚሠራው ሳርኮማ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ስሙ ሳይወጣ የተቆጠረ ቁጥር ያሳስታል፣ እኔን እንዳሳሳተኝ።

አሁን የመጀመሪያውን ውጤታችሁን እንደገና አንብቢው። «ይመስላል» ይላል። እናንተ ቤት ሲደርስ ግን «ነው» ሆኗል። እኛ ወረቀት ላይ የምንጽፋቸው እነዚህ ለስላሳ ቃላት ክብደት አላቸው። «ነው» ስንል አረጋግጠናል። «ይመስላል» ስንል ወደዚያ ያዘነብላል፣ ግን የጎደለን ነገር አለ ማለታችን ነው። «ሊሆንም ይችላል» ካልን ደግሞ ከብዙ ተጠርጣሪዎች አንዱን ነው የጠራነው። ስህተቱ የእናንተ አይደለም። ይሄን የማስረዳት ግዴታ ያለበት ውጤቱን የሰጣችሁ ሰው ነበር።

የመጀመሪያውን ባለሙያ ልውቀስ እንዳልል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እሱ ጋ ምን ደረሰ? ናሙና በምን ሁኔታ እንደሚመጣ ብታዪ ይገርምሻል። አንድ ጊዜ ትልቅ የጭን እባጭ በሃይላንድ ጠርሙስ ታጭቆ መጣልኝ። ሲገባ ለስላሳ ስለነበር በጠባቡ አንገት ተገፍቶ ገብቷል። ፎርማሊን ውስጥ ሲያድር ደረቀና አልወጣ አለ። ጠርሙሱን በመቀስ ቆርጠን አወጣነው። ፎርማሊኑ ከታች ሁለት ጣት ያህል ነበር። ደንቡ ከሥጋው 10 እጥፍ እንዲሆን ነው። ውጭውን ያዘው፣ መሃሉ ግን በስብሷል። የበሰበሰ ሕዋስ ደግሞ ምንም ዓይነት ቀለም ብትቀቢው አይናገርም። ከዚያ ናሙና «ስፒንድል ሴል ዕጢ፣ ከዚህ በላይ መለየት አልተቻለም» ብዬ ስጽፍ ቤተሰቡ በእኔ ተናደደ። ልክ ናቸው፣ ጠርሙሱን አላዩማ።

ናሙናው ራሱ በምን እንደተወሰደም ለውጥ አለው። በእኛ አገር መጀመሪያ የሚሠራው ኤፍኤንኤ ነው፣ በቀጭን መርፌ ሕዋስ መቅዳት። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ለአንገት ንፍፊትና ለታይሮይድ ግሩም ነው። ለለስላሳ ኅብረ ሕዋስ ግን የጡብ ክምር አይቶ ቤቱ ምን ዓይነት እንደነበር እንደመገመት ነው። ሕዋሱን ታያለሽ፣ ሰሌኑን፣ የዓሣ አጥንቱን፣ የተባዘተውን ጥጥ ግን አታዪውም። የወንድምሽ ሙሉ ሆኖ መውጣቱ ጠቅሟል።

ሁለቱ ቀለሞች ካልበቁ ወደ ኢሚውኖ እንሄዳለን፣ ሙሉ ስሙ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ነው። ሕዋሱ ውስጥ አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ካለ ቦታው ቡናማ ሆኖ ይበራል። ዴስሚን ጡንቻን፣ ኤስ100 ነርቭንና ሜላኖማን (ከቆዳ ቀለም ሰጪ ሕዋስ የሚነሳ ካንሰር)፣ ኬራቲን በአብዛኛው ከቆዳና ከውስጥ አካላት ሽፋን የመጡትን ይጠቁማሉ። ሰዎች ይሄን ምርመራ የመጨረሻ ፍርድ አድርገው ያዩታል። ግን አይደለም። ለምሳሌ ሲዲ34 የሚባለው ፕሮቲን የሰሌን ሽመና ባለው የቆዳ ዕጢም፣ በካፖሲ ሳርኮማም፣ በሌሎች ብዙም ላይ ይበራል። ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ኖዱላር ፋሲያይተስ ብዙውን ጊዜ በኤስኤምኤ፣ ለስላሳ ጡንቻ ውስጥ በሚገኝ ፕሮቲን፣ ይበራል፣ በኤስ100ና በኬራቲን አይበራም፣ በዴስሚንም እንደ ደንቡ አይበራም። ግን በኤስኤምኤ የሚበራ ሳርኮማም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ በዓይንሽ የጠረጠርሽው ነገር ከሌለ ቡናማው ቀለም የትም አያደርስሽም፣ ገንዘብ ብቻ ያስወጣል።

ከዚህም የሚጠልቀው የጂን ምርመራ ነው። ኖዱላር ፋሲያይተስ ለብዙ ዓመታት ቁስል ለመዳን ሲሞክር ያበዛው ሥጋ ነው ሲባል ኖሯል። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን ዩኤስፒ6 የሚባል ጂን ተሰብሮ ኤምዋይኤች9 ከሚባል ሌላ ጂን ጋር ተጣብቆ እንደሚገኝበት ታወቀ። እውነተኛ ዕጢ ነው ለካ! ግን የሚገርም ዕጢ ነው። በራሱ ይነሳል፣ በፍጥነት ያድጋል፣ ከዚያ ሳይነኩት እንኳ ከስሞ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ባለሙያዎች ባይስማሙና ምርመራው የሚገኝበት ቦታ ቢኖር የዩኤስፒ6 መሰበር ክርክሩን ወደ አንድ ወገን ያዘነብለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥሩ ስላይድና ሙሉ ታሪክ ካለ እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን፣ እግርና ውስጥ እግር ላይ እባጭ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጽፉልኝ ትንሽ ልበል። እኛ ጋ ዕጢ መስሎ የሚመጣ ሁሉ ዕጢ አይደለም። በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ አብጦ፣ ቀዳዳ አበጅቶ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ፍሬ ነው። በመግሉ መሃል የፈንገስ ወይም የባክቴሪያ እንክብል ካገኘሁ ማይሴቶማ ነው፣ የሚታከመውም በፀረ ፈንገስ ወይም በአንቲባዮቲክ ነው። እግር ላይ ሐምራዊ ቋጠሮ ከሆነ ደግሞ ካፖሲን አስባለሁ። እንዝርት ሕዋሶች በመሃላቸው ቀጭን ስንጥቅ ትተው፣ ስንጥቁ ውስጥ ደም ሞልቶ ይታያል። ገና ሲጀምር ግን ከሚድን ቁስል ጋር ይመሳሰላል። መንስኤ የሆነው ቫይረስ፣ ኤችኤችቪ8፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለታወቀ ዛሬ እሱኑ በኢሚውኖ ፈልገን እናረጋግጣለን። እዚህ ላይ የኤችአይቪ ውጤት ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ እኛ በጨለማ ነው የምንሄደው። ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ሜላኖማም እንዝርት ሆኖ ሳርኮማ ሊመስል ይችላል። የእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚወድደው ቦታ እሱ ነው።

እባጩ ተተኩሶ ወይም የባህል መድኃኒት ተደርጎበት ከነበረም ንገሩን። አናፍርባችሁም፣ አንቆጣም። የተቃጠለ ሥጋ ውስጥ የሚጠግነው ሕዋስ ተባዝቶ ያስፈራል፣ ካላወቅን እኛም እንፈራለን።

እንግዲህ ወንድምሽን በተመለከተ እኔ ብሆን የማደርገው ይሄ ነው። ሦስተኛ ወረቀት ከመፈለግ በፊት ሁለቱን ባለሙያዎች አንድ ስላይድ ላይ አገናኛለሁ። ሁለተኛው ያየው የመጀመሪያውን ስላይድ ነው ወይስ ከብሎኩ አዲስ ተቆርጦ? ይሄን ጠይቂ። ለስላሳ ኅብረ ሕዋስ ላይ ልምድ ያለው ሰው ካለ ስላይዶቹን ሁሉ፣ ብሎኩን፣ ሁለቱንም ወረቀት፣ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ተነስቶ ከሆነ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀት ብቻ ይዞ መሄድ ምንም አይጠቅምም፣ ማንም ወረቀት አይቶ ሳርኮማን አያነሳም፣ አያስቀርምም። አንድ ገጽ ላይ በእጅሽ ጻፊ፦ ዕድሜው፣ እባጩ መቼ እንደታየ፣ በሳምንት ምን ያህል እንዳደገ፣ ያምመው እንደነበር፣ ከቆዳው ሥር ይንቀሳቀስ እንደነበር፣ ቀደም ብሎ ተመቶ እንደሆነ። ከአምስት ሳንቲሜትር የሚበልጥና ጡንቻ ውስጥ የሰመጠ ከነበረ ነገሩ ስለሚቀየር፣ ቆርጦ ያወጣውን ሐኪም ጥልቀቱን ጠይቁት። እሱ በዓይኑ አይቶታል።

የመጨረሻው ስም እስኪወጣ ድረስ ክንዱን ሰፋ አድርጎ ዳግመኛ ለመቁረጥም፣ ኬሞ ለመጀመርም አትጣደፉ። ሁለተኛው ውጤት ደስ ስላለን ብቻም የመጀመሪያውን አትቅደዱት፣ ፋይሉ ውስጥ ይኑር። ኖዱላር ፋሲያይተስ መሆኑ ከጸና ተቆርጦ ስለወጣ በአብዛኛው እዚያው ያበቃል፣ ተመልሶ መምጣቱ ብርቅ ነው። ተመልሶ ከመጣ ግን ስሙን እንደገና መመርመር አለብን፤ ያኔ የድሮው ስላይድ ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል።

ብሎኩን ስትቀበሉ ፈርማችሁ ውሰዱ፣ ቁጥሩ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር መግጠሙን እዚያው አይታችሁ። ስላይዱን በጥጥ ጠቅልሉት፣ ይሰበራል። ብሎኩ ደግሞ ሰም ነው። መንገድ የምትወጡ ከሆነ መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ቦርሳ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ይሁን።